መጋዘን የሌለው ሕዋስ፦ ፕሮስታግላንዲን ከሕዋስ እንዴት እንደሚወጣ በዋንዛ እንጨት፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመነሻው

ጅማ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ፕሮስታግላንዲን (ሕዋስ ከፋቲ አሲድ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚልከው፣ ትኩሳትን የመሰለ ነገር የሚያስነሳ መልእክተኛ) ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይፈዛል። ጥፋቱ የተማሪው አይመስለኝም፣ የሥዕሉ ነው። ከላይ ፎስፎሊፒድ (የሕዋስ ሽፋን የተሠራበት ስብ)፣ ቀስት፣ አራኪዶኒክ አሲድ (ከሱ የሚቆረጠው ፋቲ አሲድ)፣ ቀስት፣ ኮክስ (ፕሮስታግላንዲን የሚሠራው ኤንዛይም)፣ ቀስት፣ ከዚያ የምርት ስም ዝርዝር። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ያወርደዋል፣ ይረሳዋል። ቀስት ነገሩ የሕዋሱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚካሄድ አይናገርም፤ ማን እንደሚገፋውም አይናገርም። የመጨረሻዋ ቀስት ደግሞ የባሰባት ናት፦ "ከሕዋሱ ይወጣል" ትላለች። በምን በኩል?

ዘንድሮ የሚነካ፣ የሚፈታና የሚገጠም ሞዴል ላሠራ ወስኛለሁ። ፕላስቲክ ሞዴል በውድ ከውጭ ማስመጣት ይቻል ይሆናል፤ ግን ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ በሚያወጣ ከተማ ተቀምጦ ፕላስቲክ መለመን ደስ አይልም።

ሞዴሉ ከሁሉ በፊት ማሳየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ሕዋስ እነዚህን ከፋቲ አሲድ የሚሠሩ መልእክተኞች አያከማችም። አለርጂ ላይ የሚሳተፈውን ሕዋስ፣ ማስት ሴልን፣ እንውሰድ። ሂስታሚን የሚባል ሌላ መልእክተኛ ውስጡ ባሉ ከረጢቶች ታጭቆ ይጠብቃል፣ አለርጂ የሚቀሰቅስ ነገር ሲመጣ ከረጢቱ ከውጭኛው ሽፋን ጋር ይዋሐድና በሰከንዶች ውስጥ ይዘረገፋል። ያው ሕዋስ ፕሮስታግላንዲን ዲ-2 ሲለቅ ግን የሚከፍተው ከረጢት የለም። በዚያች ሰዓት ይሠራዋል፣ የተሠራው ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር "መልቀቅ" ማለት በአብዛኛው "መሥራት" ማለት ነው። መድኃኒቶቻችንም የሚያነጣጥሩት መሥሪያው ላይ ነው።

ልኬት

ከእንጨት በፊት ሒሳብ። የሕዋስ ሽፋን ውፍረት 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንዱን ናኖሜትር 6 ሳንቲ ሜትር ካደረግሁት ሽፋኑ 30 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ከኋላ ወንበር የሚታይ። ፎስፎሊፒዷ ራስና ሁለት እግር (የፋቲ አሲድ ሰንሰለት) አላት፤ ራሷ 5 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ኳስ ትሆናለች። እዚህ ድረስ ጥሩ።

ከዚያ ለጨዋታ ያህል ሙሉውን ሕዋስ አሰላሁት። 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ሕዋስ በዚህ ልኬት 600 ሜትር ይሆናል። አንድ ማይክሮሜትር ብቻ 60 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ሥራዬን ሁሉ ቀይሮታል፣ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ፣ ገበያ

የሐሙስ ገበያ ላይ ሽቦ በሁለት ቀለም፣ ጨሌ፣ የተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ (ማግኔቱ ነው የተፈለገው)፣ ወፍራም ዳዶዎች፣ ቀርከሃ ገዛሁ። ለሌላ ሙከራ ደግሞ የልብስ ሳሙና፣ ሎሚና አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት።

ኑጉን ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም። አራኪዶኒክ አሲድ ባለ 20 ካርቦን ነው፤ አካላችን የሚሠራው ባለ 18 ካርቦን ከሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ ካርቦን እየቀጠለና ድርብ ትስስር እየጨመረ። ሊኖሌይክ አሲድን ግን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ መምጣት አለበት። ጆርጅና ሚልድረድ ባር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1929 ስብ ጨርሶ የሌለበት ምግብ የበሉ አይጦች ቆዳቸው እንደሚቀረፍና ዕድገታቸው እንደሚገታ ያሳዩት ይህንኑ ነው። የአገራችን ኑግ ዘይት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ፋቲ አሲዱ ሊኖሌይክ ነው። የሽሮው ቁሌት ውስጥ የገባው ዘይት ከርሞ የትኩሳት መልእክት ሊሆን ይችላል ብዬ ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌ ይስቃሉ። እውነት ነው ግን።

አናጢው ዘንድ

አወይቱ ድልድይን አለፍ ብሎ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ አሉ። ሥዕሌን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ ልጄ?"

"የሕዋስ ግድግዳ ነው ጋሼ። ከነዚህ እግሮች አንዷ ተቆርጣ መልእክት ትሆናለች።"

"ከግድግዳው ላይ?"

"አዎ፣ ከራሱ ግድግዳ።"

"መጋዘን የለውም?"

"የለውም። ሲታዘዝ ነው የሚሠራው።"

"እንደኔ ነዋ! እኔም አልጋ ሠርቼ አላስቀምጥም፣ ቀብድ ሲመጣ ነው መጋዝ የማነሳው።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ግን ግድግዳውን እየቆረጠ ከሸጠማ ቤቱ መች ይቆማል?"

ይህን ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼው አላውቅም። መልሱ አለ፦ ሕዋሱ የቆረጠውን ይመልሳል። የተቆረጠው አራኪዶኒክ አሲድ አብዛኛው ፕሮስታግላንዲን ከመሆኑ በፊት ተይዞ፣ ኮኤንዛይም ኤ የሚባል ረዳት ሞለኪውል ተገጥሞለት፣ አንድ እግሯን ያጣችው ፎስፎሊፒድ ላይ ተመልሶ ይተከላል። ዊልያም ላንድስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የገለጸው ስለሆነ የላንድስ ዑደት ይባላል። ሕዋስ ውስጥ ነፃ አራኪዶኒክ አሲድ ሁሌም ጥቂት የሆነውም ለዚህ ነው፤ መቁረጡና መመለሱ ይሽቀዳደማሉ፣ መልእክት የሚወጣው መቁረጡ ሲቀድም ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ እግሯ ተነቅላ ብቻ የምትቀር ሳትሆን ተመልሳ የምትሰካ መሆን አለባት። ኳሷ ላይ ቀዳዳው ጠበቅ ብሎ እንዲሰረሰር ተስማማን።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ለቶርኖ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ክፈፉ ከችፑድ፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም።

እግሮቹን ማጠፍ

ኳሶቹ መጡ። መብራት ጠፍቶ ቶርኖው ሥራ ስለፈታ ከተባለው ዘግይተዋል፣ ግን ልስላሴያቸው የሚያስመሰግን ነው።

እያንዳንዷ ኳስ ሁለት እግር አላት። እግሮቹ የሚያያዙበት ግሊሰሮል ሦስት ካርቦን አለው፦ አንዱ ላይ ፎስፌቱና ራሱ፣ ዳር ያለው ላይ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ እግር፣ መሐለኛው ላይ ድርብ ትስስር ያለው እግር። አራኪዶኒክ አሲድ የሚቀመጠው መሐል ላይ ነው። ቀጥ ላለው ጥቁር ሽቦ፣ ለአራኪዶኒክ ቀይ ሽቦ አደረግሁ።

ቀዩ ሽቦ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፣ ግን ጊዜው ይገባዋል። ድርብ ትስስሮቹ ከአሲዱ ጫፍ ሲቆጠር 5ኛው፣ 8ኛው፣ 11ኛውና 14ኛው ካርቦን ላይ ይጀምራሉ። ሁሉም ሲስ (ሰንሰለቱ በሁለቱም በኩል ወደ አንድ ወገን የሚወጣበት ዓይነት) ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ሰንሰለቱን ያጣምሙታል። ሽቦው ላይ 20 ጨሌ ደርድሬ፣ በፒንሳ አራት ቦታ ወደ አንድ ወገን ሳጣምመው ሁለቱ ጫፎች መቀራረብ ጀመሩ። በወረቀት ላይ ዝግዛግ መስመር ሆኖ ሲሳል የማይታየው ይህ ነው፦ ኮክስ ኋላ ቀለበት የሚዘጋው መሐሉ ላይ፣ 8ኛውና 12ኛው ካርቦን መካከል ነው፤ ሰንሰለቱ ድሮም ለመታጠፍ ያዘነበለ ነው። ጥቁሩ ሽቦ አጠገቡ ሲቆም እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። ተማሪ ሁለቱን በእጁ ይዞ ካየ ልዩነቱን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ቆራጩ

እግሯን የሚቆርጠው ኤንዛይም፣ ፎስፎሊፔዝ ኤ-2፣ ብዙ ቤተሰብ ነው። እዚህ የሚያስፈልገኝ ሳይቶሶል (የሕዋሱ የውስጥ ውሃ) ውስጥ የሚኖረው፣ አራኪዶኒክ አሲድን መርጦ የሚቆርጠው ነው። ሕዋሱ ሲረጋጋ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይኖራል፣ ሽፋን አይነካም። ሕዋሱ ሲቀሰቀስ፣ ለምሳሌ ብራዲኪኒን የሚባል ሌላ መልእክተኛ ውጭ ያለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ፣ ካልሲየም ይጎርፋል። ረጋ ባለ ሕዋስ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከውጭ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሲገባም ሁኔታው በአንድ አፍታ ይለወጣል። ካልሲየሙ ኤንዛይሙ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ላይ ይሰካል፣ ያኔ ኤንዛይሙ ሽፋን ላይ ይጣበቃል። አናጢው ያሉት ቀብድ ይኼው ነው።

ይህን በእንጨት እንዴት ይሠሩታል? መልሱ ራዲዮው ውስጥ ነበር። ማግኔቱን ሽፋኑ ክፈፍ ውስጥ ቀበርኩት። የኤንዛይሙ ብሎክ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ በመሮ አስቆፈርኩ፣ ለሁለት ዳዶ የሚበቃ። ባዶውን ብሎክ ወደ ሽፋኑ ብታስጠጉት ይወድቃል። ሁለቱን ዳዶ ስትከቱበት ጠብ ብሎ ይጣበቃል። እውነተኛው ኤንዛይም ላይም የሚሰኩት ሁለት ካልሲየሞች ናቸው። ዳዶው ሲወጣ ይላቀቃል። ከሞዴሉ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም፣ እጅ ራሱ ይረዳዋል።

የቦታ ነገር

እዚህ ላይ ዕቅዱ ተቀየረ። ብዙ ሥዕል ላይ መቁረጡ የሚታየው በሕዋሱ የውጭ ሽፋን ላይ ነው። ይህ ኤንዛይም ግን ካልሲየም ሲያገኝ በዋናነት የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው፦ ወደ ኒውክለሱ ሽፋን፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ወደ ጎልጂ (ሁለቱም ሕዋሱ ውስጥ ያሉ ሽፋናም ክፍሎች ናቸው)። ኮክስም የሚቀመጠው ኒውክለሱ ሽፋንና ሬቲኩለሙ ላይ ነው። ቆራጩና ሠሪው ጎረቤት ናቸው ማለት ነው፤ ከመውጫው ደግሞ ሩቅ።

ስለዚህ አንድ ክፈፍ አይበቃም። አንዱ የውስጥ ሽፋን፣ አንዱ የውጭ። በልኬቴ አንድ ማይክሮሜትር 60 ሜትር ስለሆነ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ተማሪውን ማሳሳት ነው። የውስጡ ክፍል ውስጥ፣ የውጩ ግቢው ማዶ አጥሩ ጋ ይቁም አልኩ። አንድ ተማሪ የተሠራውን ፕሮስታግላንዲን ይዞ ግቢውን ያቋርጣል። የጥበቃ ሠራተኛው ምን እንደሚሉ እናያለን።

ኮክስ

ኮክስ ውስጥ ረጅም፣ ውሃ የማይወድ መተላለፊያ አለ፤ ርዝመቱ 2.5 ናኖሜትር ገደማ፣ በኛ ልኬት 15 ሳንቲ ሜትር። አፉ የሚከፈተው ሽፋኑ ውስጥ በተቀበረው በኩል ነው፤ አራኪዶኒኩ ከሽፋኑ ወጥቶ ውሃ ሳይነካ ቀጥታ ይገባል። ያን ያህል ጥልቅና ሰፊ ቀዳዳ በድሪል ማውጣት አይቻልም፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል አሉ አናጢው። ብሎኩን ለሁለት ሰንጥቀው፣ እያንዳንዱን ግማሽ በመሮ ቦርቡረው፣ በማጠፊያ ገጠሙት። እንዲያውም ተሻለ፤ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል።

ቀዩ ሽቦ ታጥፎ ይገባል። ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውል ይጨመርበታል፤ አራት ሰማያዊ ጨሌዎች። የሚወጣው ከትንሽ ማስተካከያ በኋላ ፒጂኤች-2 (ፒጂ ማለት ፕሮስታግላንዲን ነው) ነው፣ ከሱ የትኛው ምርት እንደሚወጣ የሚወስነው የሕዋሱ ዓይነት ነው። ፕሌትሌት፣ ደም የምታረጋዋ ትንሽ የደም ሕዋስ፣ ትሮምቦክሴን ታወጣለች፣ የደም ሥር ግድግዳ ፕሮስታሳይክሊን፣ የጨጓራ ሽፋን ፒጂኢ-2። ሞዴሌ በዚህ ላይ አይደክምም፤ አንዷን፣ ፒጂኢ-2ን፣ ይዤ እቀጥላለሁ።

አስፕሪንን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በመከልከል መሆኑን አሳየ፤ በ1982 ከሱኔ ቤርግስትሮምና ከቤንግት ሳሙኤልሰን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። አስፕሪን መተላለፊያው ውስጥ ያለች አንዲት ሴሪን (ከፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች አንዷ) ላይ አሴቲል የሚባል ቁራጭ ለጥፎ ይሄዳል። ሁለት የእንጨት ችካል አዘጋጀሁ፦ አይቡፕሮፌን የሆነው ገብቶ ይወጣል፣ አስፕሪን የሆነው በኮላ ይለጠፋል። ለዚህ ሁለተኛ የኮክስ ብሎክ ማስቀረጽ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ከተለጠፈ በኋላ ያ ብሎክ አልቆለታል። ትምህርቱም እሱ ነው። ሌላ ሕዋስ አዲስ ኮክስ ይሠራል፤ ፕሌትሌት ግን ኒውክለስ ስለሌላት እስክትሞት ድረስ፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን፣ እንደተዘጋች ትኖራለች። ትንሽ አስፕሪን በየቀኑ ለልብ ሕመምተኛ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ሳሙናና ሎሚ

አሁን ወደ መውጫው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ መምህርም ጭምር፣ "የስብ ዘር ስለሆነ ሽፋኑን ሰርስሮ ይወጣል" ይላል። አራኪዶኒክ አሲድን ካሉ ያስኬዳል። ፒጂኢ-2ን ካሉ ግን አያስኬድም። ኮክስ የጨመረው ኦክስጅን ሞለኪዩሉን ውሃ ወዳድ አድርጎታል፤ ሁለት ሃይድሮክሲልና አንድ ኪቶን ተሸክሟል፣ የአሲድ ጫፉም አለ። ያ ጫፍ ፒኤች 5 አካባቢ ነው ግማሽ በግማሽ ቻርጅ የሚይዘው። በሰውነታችን ፒኤች 7.4 ላይ ቻርጅ የሌላት ከ300 አንዷ ገደማ ብቻ ናት። ሕዋሱ መልእክቱን ሲሠራ ራሱ ላይ ይቆልፍበታል ማለት ነው።

ሞዴሉ ላይ ቻርጁን በቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ኳስ አድርጌ ጫፉ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ በሽቦዎቹ መሐል አያልፍም። ይህ ግን ውሸት አለበት፦ የሚከለክለው ትልቅነት ሳይሆን ቻርጁ ነው። እንጨት ቻርጅ ማሳየት አይችልም። ለዚህ ነው ሳሙናው የተገዛው።

የልብስ ሳሙና የፋቲ አሲድ ጨው ነው። ፈቅፍቄ በሞቀ የዝናብ ውሃ ውስጥ አሟሟሁት። (የጅማ ዝናብ ለዚህ ይጠቅማል፤ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሳሙናውን ያበላሸዋል።) ላዩ ላይ ኑግ ዘይት አንሳፈፍኩ። ሳሙናው ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ምክንያቱም ጫፉ ቻርጅ አለው። ከዚያ ሎሚ ጨመቅሁ። ውሃው ወዲያው ነጣ፣ እንደ እርጎ ተቋጠረ፣ ቁርጥራጩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቀስ ብዬ ሳማስለው ነጩ ነገር ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ከታች ያለው ውሃ ጠራ። ያው ሞለኪውል ነው፤ ሎሚው ሃይድሮጅን ሰጥቶ ቻርጁን አጠፋለት፣ ዘይቱም ተቀበለው። ዱቄት ሳሙና፣ ሰው በጅምላ ኦሞ የሚለው፣ አይሆንም፤ የሞለኪውሉ ራስ ሰልፎኔት ስለሆነ ሎሚም ቢጨመርበት ቻርጁን አይለቅም። እሱንም አጠገቡ አድርጌ ማሳየት ጥሩ ይመስለኛል።

እርግጥ ከ300 አንዷ ያለ ቻርጅ ስለምትገኝ፣ ሃይድሮጅኑም በፍጥነት ስለሚለዋወጥ፣ ትንሽ ትንሽ ትሾልካለች። በፍጹም አያልፍም ማለት አይቻልም። አዝጋሚ ነው፣ ሕዋሱ ደግሞ ይቸኩላል።

በሩ

በሩ ኤምአርፒ-4 ይባላል። ፕሮስታግላንዲንን ከሕዋስ እንደሚያወጣ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሽፋኑን 12 ጊዜ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ነው፤ ኤቲፒ (የሕዋሱን የጉልበት ነዳጅ) የሚያቃጥሉ ሁለት ክፍሎች ወደ ውስጥ ተንጠልጥለውለታል። 12 የቀርከሃ ዘንግ በስድስት በስድስት ለሁለት ከፍዬ፣ ከታች ሁለት እጀታ ሠራሁለት። እጀታዎቹ ሲራራቁ በሩ ወደ ውስጥ አፉን ይከፍታል፣ ሞለኪዩሉ ይገባል። ሁለቱን እጀታ አጥብቀው ሲገጥሙ (ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እሱም ሁለቱ ኤቲፒ ነው) የታችኛው ይዘጋና በላይ በኩል ይከፈታል። ጎማ አስሬበት ስለነበር ለመግጠም ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል። ይሁን፣ ኤቲፒም በነፃ አይደለም።

ብቸኛው መውጫ እሱ ነው አልልም። መግቢያም አለ፦ ፒጂቲ የሚባል ሌላ ማጓጓዣ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተለየ፣ ፕሮስታግላንዲንን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ። ላክቴት አውጥቶ በምትኩ ያስገባዋል። የገባው ውስጥ ባለ ኤንዛይም ይበላሻል። ሳንባ በዚህ የተካነ ነው፤ በደም የመጣ ፒጂኢ-2 አንድ ጊዜ ሳንባን ሲያልፍ ከ90 በመቶ በላይ ይጠፋል። መልእክቱ ሰፈር ውስጥ እንዲቀር ተደርጎ የተሠራ ነው። ትሮምቦክሴን ኤ-2 እንዲያውም ሳንባንም አይጠብቅም፤ ውሃ ውስጥ ግማሹ በ30 ሰከንድ ገደማ ይፈርሳል።

ክፍል ውስጥ

ዛሬ ሙሉው ተገጠመ። ዳዶ ገባ፣ ቆራጩ ተጣበቀ፣ ቀይ እግር ተነቀለች። አንዱ ቡድን መላሽ ነው፤ የተነቀለውን ይዞ ይሰካል። ሌላው ቡድን ወደ ኮክስ ለመውሰድ ይሮጣል። ጫጫታው ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ። መላሾቹ ያሸንፉ ነበር፣ ተጨማሪ ቆራጭ እስኪመጣ ድረስ። የላንድስን ስም ሳልጠራ ዑደቱ ገባቸው።

ከዚያ ግቢውን ማቋረጥ። አንድ ልጅ ፒጂኢ-2ን ይዞ አጥሩ ጋ ደረሰ፣ በሽቦዎቹ መሐል ሊያሾልክ ታገለ፣ አልሆነም፣ ወደ ቀርከሃው ዞረ። "ሁለት ሰው ይምጣልኝ!" ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ኤቲፒዎች ሄዱለት። ጥበቃው ከበር ሆነው "ምን እያወጣችሁ ነው?" አሉ፣ እኔም "ከሕዋስ ነው አባቴ፣ ከግቢ አይወጣም" አልኳቸው።

ጥሩ ጥያቄ መጣ፦ "ዳይክሎፌናክ ጨጓራ የሚልጠው ለምንድን ነው?" ልጅቷ እናቷ ለወገብ ሕመም ስለምትወስደው ነው የጠየቀችው። የጨጓራው ብሎክ ላይ ችካሉን ራሷ እንድታስገባ አደረግሁ። ፒጂኢ-2 አልወጣም፤ ንፍጡንና ባይካርቦኔቱን የሚያዘው መልእክት ቀረ፣ አሲዱ ግን አልቀረም። ሌላው "ስቴሮይድስ የት ይገባል?" አለ። ለስቴሮይድ ችካል የለኝም፤ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ነው ኮክስ-2 (አንዱ የኮክስ ዓይነት) እንዳይሠራና ቆራጩ እንዲገታ የሚያደርገው። ኒውክለስ አልሠራሁም።

የቀርከሃው አንዱ ዘንግ ተሰነጠቀ። ቀርከሃው ሳይደርቅ ነው የታሰረው። ሌላ ተቆርጦ ጥላ ሥር እየደረቀ ነው።

የቀረው

ሉኮትራይን፣ ሌላው የመልእክተኛ ቤተሰብ። እሱም ከዚያው ቀይ እግር ይጀምራል፣ ግን ሌላ ኤንዛይም፣ 5-ሊፖክሲጂኔዝ፣ ኒውክለሱ ሽፋን ላይ ፍላፕ ከሚባል አጋዥ ጋር ሆኖ ይሠራዋል። ሉኮትራይን ሲ-4 ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ተሸክሞ የበሩ ዘመድ በሆነው በኤምአርፒ-1 ይወጣል፤ ለዚያ ያለውን በር ቀለሙን ቀይሬ መጠቀም እችላለሁ። የአስም ሕመምተኛ ሞንቴሉካስት ሲወስድ የሚዘጋው ከበሩ በኋላ ያለውን ተቀባይ ስለሆነ አንድ ተቀባይም ያስፈልጋል።

የሚያስቸግረኝ ሉኮትራይን ቢ-4 ነው። ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እርስ በርስ ሲጠራሩ ይህን መልእክት በትንንሽ ከረጢት አድርገው እንደሚለቁት እ.ኤ.አ. በ2016 ታይቷል፤ ከረጢቱ ውስጥም ምርቱ ብቻ ሳይሆን 5-ሊፖክሲጂኔዝና ፍላፕ አብረው ይገኛሉ። "መጋዘን የለም" ብዬ ላስተማርኩት ክፍል ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሂስታሚኑን ለማሳየት የሠራሁትን የጨርቅ ከረጢት ደግሜ ብጠቀም ደግሞ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ይኼኛው መሥሪያውን ይዞ ነው የሚጓዘው። አናጢው ክዳን ያለው፣ ውስጡ ትንሽ ብሎክና ማግኔት የሚይዝ ክብ ሣጥን ከዋንዛው ትርፍራፊ እናወጣለን ብለዋል። ቀብድ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማጠፊያውን ከሐሙስ ገበያ እኔ አመጣለሁ።